ቦታዋን የለቀቀች መርከብ

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ዝናብ። ጠዋት አሮጌ ቦይለር ገዛን፤ ከሰዓት የመዳብ ሽቦ ስንልጥ ዋልን። የፈረሰው የመርከብ ክለብ ጠበቃ ደወለ። ወንዙ አፍ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ያለችውን «ብላክ ስፒት» ሊሸጡ ነው። ልጅ ሆኜ ከባሕሩ ዳር መብራቷን አይ ነበር። ሞተር የላትም። ከባሕሩ ሥር የተቆለለው ደለል አጠገብ መልህቅ ጥላ፣ ሌሎች መርከቦች እንዳይሰጥሙ ማብራት ብቻ ነበር ሥራዋ። ጡረታ ስትወጣ ክለቡ ሙዚየም አደርጋታለሁ ብሎ ወሰዳት። አባላቱ ተጣሉና ተዉአት።

«ክብደቷ ስንት ነው?» አልኩት። ሌላ ምን ይጠየቃል?

ነገረኝ። «ባዶ ናት» ብሎ ጨመረ።

ገዛኋት። ለቁርጥራጭ ብረት።

ሴፕቴምበር 11

ከኮሊን ጋር ሄድን፤ የባሌ ወንድም፣ ብረት ቆራጬ። ስንት የተጣለ ነገር አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን... ቀዩ ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስቷል። ከትልልቆቹ ነጭ ፊደሎች «ስፒት» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ጎኗን በመዶሻ መታ ሳደርገው መዶሻው በስቶ ገባ። እንደ ብስኩት። ስንቱን መርከበኛ ያተረፈች... ሰው እንዴት እንዲህ ይጥላል?

ከዚያ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ጫማችሁን ጥረጉ።»

ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር።

ሽማግሌ። ፐርሲ ሙሴት። ዕድሜውን ሙሉ በዚህችው መርከብ ላይ የሠራ። ክለቡ ጠባቂ አድርጎ መልሶ አስገባው። ሲፈርሱ በቃህ ያለው የለም። አልጋው ሥር ወለሉ ተበልቶ ጭቃው ይታያል፣ ሸርጣን ይሄድበታል። ጠባቂው እያለባት ነው የሸጡልኝ።

«አባባ፣ መርከቧን ገዝቻታለሁ እኮ» አልኩት።

«ጥሩ አደረግሽ። እንግዲያው ቀለም ግዢላት።»

ሴፕቴምበር 12

ጠበቃው ጋ ደወልኩ። «ሰውየው በሽያጩ ውስጥ የለም» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 16

የዓመቱ ትልቁ የባሕር ሙላት አርብ ይመጣል፤ የሰሜን ነፋስም አለበት። ኮሊን ጭቃው ይዞ ያስቀራታል ይላል። እሷ አትነሳም፣ ውሃው በቀዳዳው ይገባል። ፐርሲ ደግሞ፦ «ስትንሳፈፍ ነው የኖረችው። ትንሳፈፋለች።»

ሾርባ ወሰድኩለት። ለመንኩት። በፖሊስ አስፈራራሁት። የእህቱ ልጅ ሂልዳ ኮረብታው ላይ ክፍል አዘጋጅታለታለች፤ እሱንም ነገርኩት።

«ተተኪ ሳይመጣ ጠባቂ አይወርድም» አለ። «አንድ የገና በዓል ላይ ማዕበሉ የተተኪዎቹን ጀልባ ከለከላት። ምግብ አለቀብን። ማን ወረደ? ማንም።»

ስንመለስ ኮሊን፦ «ዶሪን፣ እሱም መቆረጥ አለበት። ከብረቱ ጋር ተበይዷል።»

አልሳቅኩም። ተተኪ... እንዴት እስካሁን አልገባኝም?

ሴፕቴምበር 18

ሻንጣ ይዤ መርከቧ ላይ ወጣሁ። «ተተኪህ ነኝ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ክፈቺው።»

ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል፣ ካልሲ።

«ካልሲ ይሄ ብቻ?»

«ሌላም አድርጌያለሁ።»

«ትማሪያለሽ።»

ፓምፑን፣ ደወሉን፣ ፋኖሱን አሳየኝ። ዋናውን መብራት ድሮ ሸጠውታል፤ ቦታው ላይ ተራ የላምባ ፋኖስ ነው የሚሰቅለው። እያንዳንዱን አስደገመኝ። «ፀሐይ ስትጠልቅ ይበራል። የሚያየው ባይኖርም።» ጨበጠኝና ወረደ። ዞር ብሎም አላየ። ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ ዛቻ...

የኮሊን መኪና እሱን ይዛ ኮረብታውን እስክትወጣ ጠብቄ ወረድኩ። ፋኖሱን ለምን እንደያዝኩ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 19

ከዳር ቆመን አየን። ውሃው ሞላ። አልተነሳችም። ሆዷ ውስጥ ሲንቆረቆር ተሰማ፣ ከዚያ ጎኗ ተከፈተ። ትልቅ ድምፅ ጠብቄ ነበር። ዝም ብላ በጎኗ ተኛች። የፐርሲ ፍራሽ በቀዳዳው ወጥቶ ተንሳፈፈ። አፉ የማይዘጋው ኮሊን ቆቡን አወለቀ።

ትናንት ሻንጣ ባልይዝ ኖሮ...

ኦክቶበር 2

ቆርጠን ጨረስናት። ሂልዳ መጣች፤ ፐርሲ ሲመሽ መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ምግብ አይበላም አለችኝ። ፋኖሱን ለኩሼ ግቢዬ ያለው ክሬን ጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ከሱ መስኮት ይታያል። ቂልነት ነው፣ አውቃለሁ።

ኦክቶበር 3

በሂልዳ ክንድ ተደግፎ ግቢዬ ድረስ መጣ።

«ማነው ያበራው?»

«እኔ።»

የብረቱን ክምር አየ። ቀይ ቁርጥራጭ፣ ነጭ ፊደል... ደነገጥኩ። እሱ ግን ወደ ክሬኑ ቀና አለ።

«ቦታዋን የለቀቀች መርከብ አታበራም። መርከበኛው ቦታዋ ላይ ናት ብሎ አምኗት ነው የሚሄደው። ደለል ላይ ትወስደዋለች። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርከኝም፣ አባባ።»

«ጥፋቱ የኔ ነዋ። በይ አጥፊው።»

አወረድኩት፣ አጠፋሁት። ፋኖሱን ተቀብሎኝ ሄደ።

ማታ ሂልዳ ደወለች። እራቱን በልቷል። መጋረጃውንም ራሱ ዘጋው አለች።

ኦክቶበር 20

ከላይኛው ወንዝ አንድ ሰው ደወለ። ሌላ የመብራት መርከብ፣ ጡረታ የወጣች፣ ጭቃ ላይ ያለች። ርካሽ ናት ይላል፣ ባዶ ናት ይላል።

«ውስጧ ገብተህ አይተሃል?» አልኩት።



«ክብደቷን አትጠይቂም?» አለኝ።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ሻንጣውን መኪናው ውስጥ አስገብቻለሁ።