ደህና ነኝ ያለው ወንድሜ

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ጤናዬ በንቲ፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የምሸጥ ነጋዴ ስሆን፣ የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ቦንሳ ነው። የቤቴን ጉድ አደባባይ ማውጣቴ ያሳፍረኛል፤ በደብዳቤ ያደረግሁት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና አለኝ። ቦንሳ የሚኖረው መኪና በማይገባበት የገጠር ቀበሌ ነው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ የእሱን መድኃኒት ስለማይዝ፣ በበቅሎ፣ ከዚያ በአይሱዙ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ መንገዱን ሙሉ በጆሮው የሚመጣው ድምፅ ሲሰድበው፣ ተሳፋሪው ሲሸሸው ወደ እርስዎ ይደርሳል። ሐኪምዎ ድካሙን አይተው ቶሎ ስላሰናበቱት እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ እንዴት ነህ ብለው ጠየቁት። ወንድሜም በወግ ያደገ ሰው ነውና ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አላቸው። ለማያውቁት ሰው ሌላ ምን ይባላል? እርስዎም ጠዋት ጠዋት ለጥበቃው ይህንኑ ሳይሉት አይቀሩም። ሐኪሙ ግን መሻሻሉን መዘገቡ፤ ከሩቅ ስለሚመጣ እንዳይጉላላ አዝነውለትም መድኃኒቱን ቀንሰው ቀጠሮውን ለመጪው መስከረም አደረጉለት።

ሦስተኛው የእኔው ነው። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን ሳሎኔ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ሲከራከር እንዳደረ አውቃለሁ። ታላቄን በሰው ፊት ማዋረድ መስሎኝ አፌን ያዝኩ። በሐኪምዎ ላይ ከመናደዴ ይልቅ በራሴ ማፈሬ ይበልጣል።

ባለፈው ሳምንት እናታችን ደወለች። ሁላችንም ደህና ነን ካለችኝ በኋላ፣ ቦንሳ ጫካ እየገባ ስላስቸገረ ጎረቤት ተሰብስቦ እግሩን ከቤቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት እንዳሰረው ነገረችኝ።

እንግዲህ መኪና ተከራይቼ አመጣዋለሁ። ቀጠሮህ ገና ነው ተብሎ ከበር እንዳይመለስብኝ፣ መድኃኒቱም ከእንግዲህ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዲላክለት በትሕትና እለምናለሁ። ሐኪምዎም እንዴት ነህ ከማለታቸው በፊት ቁርጭምጭሚቱን ይዩልኝ።

ለደግነትዎ ወሰን ያጣሁለት፣ ከአክብሮት ጋር ከወገቤ ዝቅ የምል፣
ጤናዬ በንቲ፣ ከለቡ

ማስታወሻ፦ ስለ እኔ ከጠየቁ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መሻሻሌን ይመዝግቡልኝ።