ቦ–ኩ ሁለት ጭብጨባ ነው

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ቢሮው ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ገሠሠ እኔንና ሻሚልን ጠሩን። ፈረንሳዊት ቡና ገዢ ልትመጣ ነው።
"ሁለታችሁም ስትቀጠሩ ፈረንሳይኛ እችላለሁ ብላችሁ ፎርም ሞልታችኋል። አርብ እፊቴ ታወራላችሁ። የተሻለው እንግዳ ይቀበላል፤ ሌላው ቴፒ መጋዘን ይዛወራል።"
ዋሽቼ ነበር እኮ! ማን ያነበዋል ብዬ... ቴፒ? እማዬን ለማን ትቼ?

ኅዳር 4
አሮጌ የፈረንሳይኛ መማሪያ ተዋስኩ። ቃሉን በእርሳስ መስመር እየቆራረጥኩ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንዴ እያጨበጨብኩ አጠናሁ። ቦን–ዡር፤ ሁለት ጭብጨባ። ቦ–ኩ፣ "ብዙ" ማለት ነው፤ እሱም ሁለት። ስምንት ፊደል ጽፈው ይቺን ብቻ ነው የሚሏት። የቀረውን ለማን አስቀመጡት?
እማዬ ከጓዳ፦ "ምነው ላምያ፣ ማን ሊያገባ ነው?"

ኅዳር 5
ሻሚል እያፏጨ ገባ። ይችላል ማለት ነው... አበቃልኝ።

ኅዳር 6፣ አርብ
ከጁምዓ በኋላ ተቀመጥን። ሌላ ምን አውቃለሁ? ቁጥር ጀመርኩ፣ ጥያቄ አስመስዬ፦ "አን፣ ደ፣ ትሯ?"
ሻሚል አሰበ። ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ፦ "ለን–ዲ... ማር–ዲ... ሜር–ክረ–ዲ... ቫን–ድረ–ዲ።"
የሳምንቱ ቀናት! እሱም ዋሽቷል!
በቀልዱ የሳቅኩ መስዬ ሳቄን ለቀቅኩት። ከዚያ በወሮች መለስኩለት፤ ዣን–ቪዬን በቁጣ፣ ፌ–ቭሪ–ዬን በልመና። አቶ ገሠሠ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ሳሉ።
"ምን ተባባላችሁ?"
"ስለ ዘንድሮው ዝናብ ነው ጋሼ" አለ ሻሚል፣ ምንም ሳያፍር።
"እንግዲያው ሁለታችሁም ትቀበሏታላችሁ። ሁለት ሳምንት አላችሁ። ካሳፈራችሁኝ ግን ሁለታችሁም ቴፒ!"
በር ላይ፦ "እስከ ስንት ትቆጥሪያለሽ?" "ሃያ።" "እኔ አስር።"
ቀጣፊ!

ኅዳር 14
በየምሳ ሰዓቱ ከመጋዘኑ ጀርባ እናጨበጭባለን። ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም ገቡበት። ዛሬ አንዷ፣ አሰጋሽ፣ ቃሉን ቆራርጣ ሻሚልን ቀደመችው። ተናደደ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 20፣ አርብ
ፈረንሳዊቷ መጣች። እውነቱን ቆራርጬ ነገርኳት፦ ትንሽ ነው የምናውቀው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። ሳቀች። እሷም እንደኛው ቆራርጣ መለሰች... ገባኝ! ሁሉም ባይሆን።
"ጋሼ፣ ቡናውን በጣም ወድጄዋለሁ ትላለች።" አልዋሸሁም።
አቶ ገሠሠ እጇን ጨበጡና ጀመሩ... በፈረንሳይኛ! እንደ ውሃ ሲወርድላቸው እኔና ሻሚል አፋችንን ከፍተን ቀረን።
ከሸኟት በኋላ መሐረባቸውን አጣጠፉ።
"ጅቡቲ ወደብ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ቴፒን እርሱት፤ ጭብጨባውን ግን እንዳታቆሙ። ደግሞ ሻሚል... ያን ቀን ሐሙስን ዘለሃት።"