ቁልፍህ አይከፍትም

ፈንታው፣

ከዋጃ ስትመለስ ቁልፍህ አይከፍትልህም። ዛሬ ጠዋት የፍርድ ቤት ሰው ከፖሊስ ጋር መጥቶ ክፍሉን ለአከራያችን ለእትዬ ሀሊሜ አስረከባቸው። በሩን እንዳትደበድብ።

ፍራሽህና ሳጥንህ ዘይኑዲን ጋራዥ ናቸው። ቡታጋዙን ወስጃለሁ፤ የኔ ነው።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የላኩት ሽማግሌ ነበር። ክፍሉን ለሚያገባው ልጃቸው ፈልገውት፣ "ማሽላው ተወቅቶ እስኪገባ ቆዩ" ነበር ያሉን። አንተ "ከፈለጉ በሕግ ይምጡ" ብለህ በሩን በሽማግሌዎቹ ፊት ዘጋኸው።

በሕግ መጡ።

መጥሪያውን ሁለታችንም ፈርመን ተቀበልን። በቀጠሮው ቀን አንተ "አሮጊት ከስሳ የት ትደርስ!" ብለህ ሥራህ ሄድክ። ችሎት ብቻዬን ቆምኩ። ዳኛው "መልስ አላችሁ?" ሲሉኝ ምን ልበል? የለንም አልኩ።

ማሽላው ዛሬም ማሳ ላይ ነው።

እኔ ሮቢት ወንድሜ ዘንድ ሄጃለሁ። ቤቱ ጠባብ ነው።

ዕቃውን ሳወጣ እትዬ ሀሊሜ ደጃቸው ላይ ቆመው "ያ ልጅ ማታ ሲመጣ የት ሊበላ ነው?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሽሮ አስቀምጠውልሃል፤ እስላም ሆነው ረቡዕ መሆኑን አልረሱልህም።

በራቸውን ቀስ ብለህ አንኳኳ።

ዘካሪያስ