ከአየር ማረፊያ የመጣው ቁጥር

ሰኞ

…ባሮሜትሩ ከእጄ አምልጦ ሲሰበር፣ ሜርኩሪው ወለሉ ላይ እንደ ዶቃ ሲበተን፣ የሆስፒታላችን የጨረር ክፍል ኃላፊ ሳቁብኝ። «የአየር ግፊቱን ከአየር ማረፊያ በስልክ ጠይቅ፣ አለቀ!» አሉ። ከክረምቱ በፊት ነው። ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ?

በእትዬ አስካለ ምክንያት። የቀራንዮ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ለጡት ካንሰራቸው እኛ ጋ ጨረር ይወስዳሉ። ፌርማታው ላይ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ። ቆዳው ተልጧል። «አንተ፣ ይኼ ሕክምና ነው ጥብስ?» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ማክሰኞ

የጨረር መለኪያችን አየር የያዘች ትንሽ ዕቃ ናት። አየሩ ከሳሳ አሳንሳ ታነባለች፤ ስለዚህ በግፊቱ እናርማታለን። አየር ማረፊያ ደወልኩ።

«የምትሰጡኝ ቁጥር የአዲስ አበባ ነው?»

«አዎ፣ ግን ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ። ለአብራሪዎች ነዋ! ምነው፣ ልትበር ነው?»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ባሕር ወለል! እዚህ ተራራ ላይ! የእኛ አየር ስስ ነው፤ ቁጥሩ ግን ወፍራም አስመስሎት እርማቱ ቀረ። ንባቡ ሲያንስብን የጨረር ማሽኑ ደከመ ብለን የሕክምናውን ደቂቃ ጨመርን። የጨመርኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ጽሑፍ።

ረቡዕ

ለኃላፊው ነገርኳቸው።

«ጓድ፣ ማሽኑ መድከሙን ለበላይ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሁን ደግሞ አየሩ አብዮቱን ተቃወመ በል!»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ጥርሴን ነከስኩ። የለካሁት እኔ። የፈረሙት እሳቸው። የተቃጠሉት ሌሎች።

ሐሙስ

የሰፈራችን የፊዚክስ መምህር ባሮሜትር አዋሰኝ። በአውቶቡስ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ማሽኑ አልደከመም። ሲሶ ያህል አብዝተን ስንሰጥ ከርመናል።

ኃላፊው ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት ሳያነቡ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «በሳምንቱ ስብሰባ እናየዋለን።»

የእትዬ አስካለን ካርድ እንደገና ደመርኩ። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ጨረር በሙሉ ጨርሰዋል። ነገ ግን ቀጠሮ አላቸው።

ዓርብ

በጠዋት የክፍላችን ደጅ ላይ ጠበቅኋቸው። «እትዬ፣ ዛሬ አይግቡ። በዝቶብዎታል። ስህተቱ የኔ ነው።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደሩትን በሽተኞች በአገጫቸው አሳዩኝ።

«እነዚህስ?»

ማሽኑን ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

አሁን ኃላፊው ቢሮ ነኝ። «ቁጭ በልና ጠብቅ» ብለውኝ ወጥተዋል። ካርዶቹ ሁሉ ጭኔ ላይ ናቸው። ከፍርሃቴ ንዴቴ ይበልጣል። በመስኮቱ እትዬ አስካለ ይታዩኛል፤ ወደ ቤት አልሄዱም፣ ከበሽተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል።

ካኪ የለበሰ ካድሬ ገባ። ስሜን አልጠየቀኝም። በሩን ከኋላው ዘጋው።