«አይለቀቅ» ብዬ ነበር

ሰኞ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

መብራት የለም። በስልኬ ኢንተርኔት ስብሰባ ገባሁ። ሁለቴ ተቋረጠ። ስመለስ የሥራ ድልድሉ አልቋል። ዳዊት፣ የቡድናችን ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ አነበበልኝ። የነፍሰ ጡሮች መከታተያው መተግበሪያ፣ ስምንት ወር የለፋሁበት፣ መሪው በረከት ሆኗል። ናይሮቢ ያለው። ከገባ ገና ወሩ። እኔ ሞካሪ። ሌላው የሠራውን እየነካካሁ ስህተት ልለቅም። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። አንቺ ያለሽበት የሱዳኑ ገዳሪፍ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ባንቺ አይደለም፣ በቦታው ነው አለ። በቦታው! የሚሠራው ለዚሁ ቦታ አይደለም እንዴ? ደብተሬ፣ ላንተው ልጻፈው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

በረከት ኔትወርክ ሲጠፋ መዝገቡን ስልኩ ላይ የሚያቆየውን ክፍል አውጥቶ ጣለው። ኮዱን ያወሳስባል ይላል። ሞካሪ አይደለሁ? ሞከርኩ። ኔትወርኩን ዘጋሁ፣ አንዲት ሴት መዘገብኩ፣ መልሼ ከፈትኩ። የለችም። ሪፖርቱ ላይ «አይለቀቅ» ብዬ ጻፍኩ። ነገ ለረጂዎች ማሳየት አለባቸው። ለቀቁት።

ቅዳሜ፣ ጥዋት

ሲስተር ለተብርሃን ከስደተኞች ካምፑ ጤና ጣቢያ ደወሉ። የሁለት ቀን መዝገብ ጠፍቷል። አሥራ አንድ ሴቶች። ድንኳን ለድንኳን ዞረው አሥሩን አግኝተዋል። የቀረችው ምሕረት ናት። የሰባት ወር እርጉዝ፣ ደም ግፊት ያለባት። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ወርዳለች። ስልክ የላትም። የትኛው እርሻ እንደሆነ የተጻፈው እዚያው የጠፋው መዝገብ ላይ ነው።

አልተቆጡኝም። «ፍሬ ልጄ፣ የወረቀት መዝገቡን የተውኩት አንቺን አምኜ ነው» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ለዳዊት ነገርኩት። ሪፖርቱን አስተካክዪው አለኝ፤ ነርሷ በአግባቡ አልተጠቀሙበትም ተብሎ ይጻፍ። ስልኩን ዘጋሁበት። ማንንም ሳላስፈቅድ በካምፑ ስልኮች ሁሉ ላይ የድሮውን መተግበሪያ መልሼ ጫንኩ። ሥራሽ አይደለም ይበሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሆስፒታል ግቢ

ትናንት ከሲስተር ጋር በሎሪ ቁረይሻ ወረድን። አራት እርሻ ዞርን፣ ማንም አያውቃትም። አምስተኛው ላይ ምሕረት ዳስ ሥር ተኝታለች። እግሯ አብጧል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል ትላለች። ሲስተር ግፊቷን ለክተው አሁኑኑ ሆስፒታል አሉ። የእርሻውን ወኪል መኪና ጠየቅነው፤ ሥራ ላይ ነው አለ። በአረብኛ ጮኽኩበት። እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ሰጠን። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አለና ተወው። እሷም ፅንሱም በሕይወት አሉ።

አሁን ዳዊት ጽፏል። መሪነቱን ውሰጂ፣ ነገሩ እዚሁ ይብቃ ይላል። ይህን መለስኩለት፦ እወስዳለሁ። ነገር ግን ሪፖርቴ እንዳለ ይቀመጣል፣ ረጂዎቹም ያነቡታል። ከእንግዲህ «ይለቀቅ» የሚሉት ሲስተር ለተብርሃን ናቸው።

ወዲያው መልስ መጣ። ሴትዮዋ ኮድ አያውቁም አለ።

ምሕረትን ያውቃሉ አልኩት። እስከ ነገ እሺ ካላለ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ መልሼ ሥራውን እለቃለሁ።