ለተዝካርህ ያልታረደው በሬ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ያለ እናት ስታሳድገኝ ሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንተ እንድልህ ያስለመድኸኝ ራስህ ነህና አሁንም በልማዳችን አንተ እያልኩ እጽፍልሃለሁ። ወንድምህ ጋሼ ተሰማ ካዩት ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ።

ቤቱ ደህና ነው። ሮቤ የቆርቆሮ ቤት በዝቶባታል፤ ጭቃዋ ግን እንዳለ ነው። ጎባ ያሉት ዘመዶቻችን አሁንም እኛን እንደ ባላገር ያዩናል። አዲስ አበባ ደግሞ ጎባን እንዴት እንደሚያይ አልነገርኳቸውም፤ ምን በወጣኝ።

አዎ፣ አዲስ አበባ ነበርኩ። ኮሌጅ ገብቼ አንደኛውን ዓመት ጨርሻለሁ። እንዴት እንደገባሁ ልንገርህ፤ ነገሩ አንተንም ይመለከታል።

ኮሌጅ መግባት እንደምችል ሲሰማ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ለሴቶች ማደሪያ ስለሌለ ግን ቤት መከራየት፣ የመኪናና የልብስ ወጪም መቻል ነበረብኝ። ጋሼ ተሰማ ከወጪው በፊት የትኛው ኮሌጅ እንደሚሻል ሊመርጡልኝ ፈለጉ። ነርስ ብሆን፣ እሳቸው እንዳሉት፣ የሰው ገላ እነካለሁ። እርሻ ብማር፣ ጭቃ ለመርገጥ ሩቅ አገር ምን ያስኬዳል፣ የሮቤ ጭቃ ምን አነሰኝ። አስተማሪ ብሆን ደግሞ የራሴን ደመወዝ እየበላሁ ለባሌ መልስ እሰጣለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ ጥለው ሲያበቁ የቀረው የጎባው ጸሐፊ ሆነ፤ ያ ጢሙን በቅቤ የሚያሾለው። እሱን ባገባ ወጪ የለውም አሉ። እኔም ጸሐፊው ስንት ዓመት እንደሚፈጅና ሲያልቅ ዲፕሎማ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። 

አንተ ግን ቃል ሰጥተኸኝ ነበር። ቦራውን በሬ ጥጃ ሳለ መሬታችንን ለሚያርሱት ለኦቦ ከድር ስትሰጥ፣ እሳቸው አሳድገውት ሲሸጥ እኩል ልትካፈሉ፣ ያንተም ድርሻ ለእኔ ትምህርት ሊሆን ነበር። ጋሼ ተሰማ በሬውን አስመጥተው ለሙት ዓመትህ ተዝካር እንደሚያርዱት አወጁ። የዘማች ልጅ በባቄላ ወጥ ተዝካር አይወጣለትም አሉ። ዘማቹ አያቴ ከሸዋ መጥቶ በጠመንጃ የያዘው መሬት የኦቦ ከድር አባት ነበር፤ ዛሬ ኦቦ ከድር በዚያው መሬት ጢሰኛ ሆነው ያርሳሉ። አንተ ይህን የምታነሳው እያፈርክ ነበር፤ ወንድምህ ግን እየኮሩ ነው።

በሬው ከታረደ ኮሌጁ ቀረ ማለት ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ ኦቦ ከድር ቤት ሄድኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብለው የሚታረድበትን ቀን ብቻ ጠየቁኝ። እሳቸውም ተስፋ ቆረጡ ብዬ እያዘንኩ ተመለስኩ።

በቀኑ ጠዋት ጋሼ ተሰማ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ የንስሐ አባትህ መምሬ ወልዴ ጸሎት አድርሰዋል፤ የማኅበሩ ሰው ከቧል። በሬው ታስሮ ሲቀርብ ኦቦ ከድር ደረሱ። የራሳቸውን ቢላዋ ይዘዋል፤ ስለውታልም።

«አቶ ተሰማ፣ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ በስመ አብ ብለው ይረዱ። ግማሹ የእኔ ነው፤ ቢስሚላህ ብዬ አርዳለሁ። ከየት በኩል ይጀምራሉ?»

በእኛ አገር ድግስ ሲደገስ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለሙስሊም ተብሎ ሁለት እንደሚታረድ ታውቃለህ። አንዱን በሬ ለሁለት ያረደ ግን የለም። ጋሼ ተሰማ ቢያርዱት ኦቦ ከድር ድርሻቸውን አይቀምሱም፤ ኦቦ ከድር ቢያርዱት ተዝካርተኛው ጦሙን ያድራል። ሰዉ መምሬን ይፍረዱልን አላቸው። መምሬ በሬውን ዞረው ተመልክተው፣ አንገቱ አንድ ብቻ ነው ሲሉ ፈረዱ። ጋሼ ተሰማ የኦቦ ከድርን ግማሽ ልግዛ አሉ፤ ገንዘባቸውን ግን ለጠላው ገብስና ጌሾ ጨርሰውታል። ሌላ ጊዜ እከፍላለሁ ቢሉ፣ ኦቦ ከድር፣ በሬውም ያን ጊዜ ይታረዳላ፣ ብለው መለሱላቸው።

መሸጡ ግድ ሆነ። ጋሼ ተሰማ ባንተ ድርሻ በግ ልግዛ ሲሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወንዶቹ መሃል ገብቼ ቆምኩ።

«መምሬ፣ አባቴ ሲያጣጥሩ እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ። ድርሻዬ ለማን ይሁን አሉ?»

መምሬ በሬውን አዩ፤ ቢላዋዎቹን አዩ። ሥጋ እንዴት እንደሚወዱ ታውቃለህ። ለትምህርቷ ብሏል፣ ሰምቻለሁ፣ አሉ። እንዲህ አንጀት የሚበላ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም።

በሬው ተሽጦ ድርሻህ ለኮሌጄ ሆነ፤ ተዝካርህም በባቄላ ወጥና በንፍሮ ወጣ። ካህናቱ ማለቂያው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ደከመ እንጂ በደንብ ጸልየውልሃል። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ብትኖር ቢላዋውን ቀድመህ የምትቀማው አንተ ነበርክ።

ዘንድሮ ለክረምት ስመለስ ደግሞ ጋሼ ተሰማ ኮሌጅ ያስገባኋት እኔ ነኝ እያሉ ገበያ ለገበያ ያወራሉ። ልጄን የት ልስደድ፣ በምንስ ላስተምር የሚል ሰው ደጃችንን ሞልቶታል፤ ከአጋርፋ ሳይቀር ይመጣሉ። እኔም የእያንዳንዱን ኮሌጅ ነገር፣ ምን በነፃ እንደሆነ፣ ምን ከቤት እንደሚወጣ አስረዳለሁ። ትናንት ጋሼ ተሰማ ራሳቸው ልጃቸውን አልማዝን ይዘው መጡ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ለመሆኑ ነርስነት እንዴት ነው አሉኝ። የሰው ገላ ያስነካል አልኳቸው። አልማዝ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ለሚመጣው ሁሉ አስቀድሜ የማወራው ስለ አንተ ነው። ሴት ልጁን ብቻውን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ በሞቱ አፋፍ እንኳ ቃሉን ስላላጠፈ ሰው። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ደጅ ምክር የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ ያንተን ስም ይሰማል። ትናንትም ለጋሼ ተሰማ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ አዳመጡህ፤ በሕይወት ሳለህ አንድም ቀን አድርገውት አያውቁም።

ልጅህ ጽጌ