ወንበሮችዎ ስላረፉበት ክፍላችን

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። በስብሰባ ብዛት የደከመው ወገብዎስ ተሻለው? እኛ መሬት ላይ ተቀምጠን ዘወትር የእርስዎን ወገብ እናስባለን።

እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን አሮጌ መጋዘን የሰፈሩ ሴቶች በእጃችን ለስነን፣ የተጣለ በር ጥቁር ቀለም ቀብተን ሰሌዳ አድርገን፣ ከሰዓት በኋላ ፊደል የምንቆጥርበት ክፍል እንዳደረግነው ያውቃሉ፤ ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎትና። የምታስተምረን የአናጢው ልጅ ናት። ባሎቻችን መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ፤ የመድኃኒታቸውን አወሳሰድ ባነበብንላቸው ጊዜ ግን ማጉረምረሙን ተዉ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሮቹ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለሴቶች ተሳትፎ ቀን ያስመጡልን የፕላስቲክ ወንበሮች ከእርስዎ ጋር ፎቶ ከተነሡ በኋላ ማደሪያ ስላጡ እኛ ክፍል ገቡ፤ ቁልፉም ወደ ቢሮዎ ሄደ። ይኸው እነሱ ሰሌዳው ፊት ለፊት ተደርድረዋል፣ እኛ ደጃፉ ላይ ነን። እስካሁን ፊደሉን ሳይጨርሱት አይቀሩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጭብጨባው። በስብሰባችን ሴት ተነሥታ አትናገርም፤ ከኋላ ተቀምጣ ለባሏ ወይም ለወንድሟ ታንሾካሹካለች፣ እሱ ተነሥቶ ያደርስላታል። እኔም ባለፈው ስብሰባ ዝናቡ ሳይገባ ቁልፉ ይመለስልን ብለህ ንገርልን ብዬ ለባለቤቴ አንሾካሾክሁለት። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣና ሴቶቹ ስለ ወንበሮቹ እጅግ አመስግነዋል አለ። እርስዎም አዳራሹን አስጨበጨቡ። ምን ላድርግ፣ እኔም አጨበጨብሁ። ቤት ገብተን ብጠይቀው፣ ፊትዎ ፈክቶ ስላየ ደስታዎን ማደፍረስ እንደከበደው ነገረኝ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል፤ የእኛ ግን ከኋላው ወንበር እርስዎ ጠረጴዛ እስኪደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።

ሦስተኛውን እንዳላበዛብዎ በአጭሩ ልበል፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። አናጢው ልጁን ለትዳር የሚጠይቁትን ሁሉ ሥራ ላይ ናት እያለ ሲመልስ ቆይቷል። ክፍሉ እንደተዘጋ ዝናቡ ከገባ ትምህርቱ ይበተናል፣ እሱም የሚመልሰው ቃል አይኖረውም። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ጠመኔዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ታስተምረናለች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ብዙ ጊዜ ዝም አልሁ፤ ለካስ ሰው ይነቅዛል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሪባኑና ስለ ፎቶግራፉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ መሬት ላይ ሆኜ የጻፍሁት ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፊት የሚቀመጡት ትልቋ ተማሪያችን እናትዎ ናቸው። ስማቸውን መጻፍ ሲለምዱ በድንገት ሊያሳዩዎ ስላሰቡ እስካሁን ደብቀውዎታል። ጉልበታቸውን እያመማቸው ደጃፉ ላይ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። መልእክት ካለዎት ላድርስልዎት ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ራሳቸው ተነሥተው ይናገራሉ። እስከዚያው እባክዎ አንድ ወንበር ያውጡላቸው።